አቼቶ ነው ወይስ አይደለም

እየቀዳ ነው? እሺ፣ እየቀዳ ነው። ስለ አከራዬ ዛሬ አላወራም፤ ማን እንደጠየቀ አውቃለሁ፣ አላወራም። የማወራው ስለ በርሜል ቢራ ነው፣ እርሾው ሳይወጣ እዚያው በርሜሉ ውስጥ ስለሚበስለው። የድምፅ ኢንጂነሩ «አሁንም?» ይላል። አዎ፣ አሁንም።

ካምራ ታውቃላችሁ፣ በፈረንጆቹ 1971 የተቋቋመው የብሪታንያ የቢራ ወዳጆች ማኅበር። አባል ከሆንክ ለጠጣኸው ነጥብ ትሰጣለህ፣ ከ0 እስከ 5። 0 አይጠጣም፣ 3 ጥሩ ነው። የምትለካው ቢራው ምን ያህል በደንብ እንደተያዘ ነው እንጂ ወደድከው አልወደድከው አይደለም። ቀላል ይመስላል አይደል?

እንግሊዝ፣ ሊድስ ከተማ፣ ያ ወለሉ ጫማ የሚይዘው ፐብ፣ መጠጥ ቤት። ሰኞ ማታ፣ ሰው የለም። በእጅ ፓምፕ የሚሳበውን ቢተር አዘዝኩ፣ መረር የሚለውን የእንግሊዞች ቢራ። ጥርት ያለ፣ አረፋው ወፈር ያለ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው፣ አቼቶ። ትንሽዬ፣ ግን አቼቶ። ኮምጠጥ እንዲል ተብሎ የሚጠመቅ ቢራ አለ፣ እሱ ሌላ ነው። ይሄ ቢተር ነው!

«ይቅርታ፣ የተበላሸ መሰለኝ» አልኩት ባርማኑን። አነሳና ወደ መብራቱ አደረገው። መብራቱ! ሽታ በዓይን ይታያል እንዴ? «ጥርት ያለ ነው፣ ጣዕሙ እንደዚህ ነው» አለኝ። አልቀመሰም፣ አላሸተተም። አጠገቤ ደግሞ አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያው ፓምፕ የተቀዳ ይዘው ግማሹን አድርሰውታል። ዞር ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። እኔ እኮ ያችን አስተያየት ነው... «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ» ነች? ወይስ «እኔም ጠርጥሬ ነበር»?

ጥርት ማለቱ እኮ ምንም ማለት አይደለም። ቢራው የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ከዓሣ የአየር ከረጢት በሚሠራ ማጥሪያ ነው፤ እርሾውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ በቃ። እህቴ ይሄን ስነግራት «ታዲያ በጾም?» አለች። ወደ ዓሣ ክርክር አታስገቡኝ። ምን እያልኩ ነበር... አዎ፣ በርሜሉ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ቢራው በተሳበ ቁጥር አየር ይገባል፣ ከተከፈተ ሦስት ቀን ገደማ ነው ዕድሜው። የተለመደው በርሜል ደግሞ 72 ፓይንት፣ ማለትም 72 ትልቅ ብርጭቆ፣ ይይዛል። ሰኞ ማታ ባዶ ቤት ውስጥ ማን ይጨርሰዋል?

እማዬ ጠላ ስትቀዳ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለእንግዳ አትሰጥም። የምለው ይሄን ነው፣ ቅመሰው! ዘንድሮ እንኳን... ስደውልላት «አልጠመቅኩም፣ ማን ይጠጣዋል ብዬ» አለችኝ። ጌሾ ተወደደ ምናምን አለች። ጌሾ አይመስለኝም። ተዉት እሱን።

ነጥቡን አላስገባሁም። 1 ልበል እላለሁ፤ ማኅበሩ ለዓመታዊ መመሪያው ፐብ ሲመርጥ ነጥቡን ያየዋል፣ የሰው እንጀራ ነው። 2 ብል ደግሞ «መካከለኛ» ማለት ነው፣ መካከለኛ አልነበረም። 1.5 ይቻላል፣ ግማሽ ይፈቀዳል፣ ግን 1.5 ፈሪ ነገር አይመስልም? ሽማግሌው ደግሞ ጨርሰው ያንኑ ደገሙ እኮ። ምላሳቸው ለምዶት ይሆን? ወይ የእኔ አፍንጫ... ኢንጂነሩ «ላገር ጠጣና ተገላገል» ይለኛል። ላገርማ፣ ያ ቀዝቃዛው የተለመደ ቢራ፣ ሁሌ አንድ ነው፣ ለዚህ እኮ ነው እኔ... እንጃ።