የጀርመን ወታደራዊ ጩቤዎች፦ ተፈላጊነታቸው ከምን ይመጣል?

ክቡራትና ክቡራን፣ የጥንት ዕቃ ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ጀርመን ወታደራዊ ጩቤዎች ነው። ሁለት ጩቤዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አንዱን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ለሌላው ጨረታ ላይ ሰው ይሻማል። ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ነው ማስረዳት የምፈልገው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ከእነዚህ ጩቤዎች ብዙዎቹ የናዚ ዘመን ናቸው። ስዋስቲካ አለባቸው። ሚሊዮኖችን የፈጀ ሥርዓት ምልክት ነው። እኔ የምሰበስባቸው ማስረጃ ስለሆኑ ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጌጥ ልስቀለው ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፤ ተው። ጀርመን ራሷ ምልክቱን በአደባባይ ማሳየት በሕግ ከልክላለች። ለጥናት፣ ለትምህርት፣ ለሥነ ጥበብና ለመሳሰለው ሲሆን ትፈቅዳለች። እዚያ የጨረታ ካታሎግ ስትገልጡ ስዋስቲካው ተሸፍኖ የምታገኙት ለዚህ ነው።

ወደ ዕቃው ልግባ። የአብዛኞቹ ጩቤዎች አገር ዞሊንገን ነው። ከዱሰልዶርፍ ብዙም የማይርቅ፣ ለዘመናት በስለት ሥራ የኖረ ከተማ ነው። ከእጀታው በታች ስለቱ ላይ የአምራቹ ምልክት ይገኛል። ሽኮኮ ካያችሁ አይክሆርን ነው። የንጉሥና የጦረኛ ራስ ጎን ለጎን ካያችሁ ቬ ካ ሴ ነው። ሚዛን ካያችሁ አልኮሶ ነው። ወደ ሚዛኑ በኋላ እመለሳለሁ፤ እሱ ሰፊ ነገር አለው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በ1935 በወጣው የምድር ጦር መኮንኖች ጩቤ ነው። መኮንኖቹ ከኪሳቸው ይገዙት ስለነበር በብዛት ተሠርቷል። ስለዚህ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል። ለጀማሪ ጥሩ መማሪያ ነው። እጀታው ነጭ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚታየው ብረቱ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ከባድ ናቸው። መያዣው ላይ ያለው ብረት ኒኬል ሲልቨር የሚባለው ቅይጥ ነበር፤ ቆይቶም ቢሆን ያምራል። ከአሥርት ዓመቱ አጋማሽ በኋላ ግን ጥራቱ ወረደ። ርካሽ ዚንክ ላይ ኒኬል መቀባት ጀመሩ። ያ ቅብ ዛሬ አብጦና ተላልጦ ይታያል። የናዚ ፓርቲ ጩቤዎች ላይም የአምራቹ ምልክት ቀርቶ በቁጥር መተካት መጣ። ለምሳሌ ኤም 7/66 የአይክሆርን ቁጥር ነው። ቀደም ያለው የሚወደደው ለዚህ ነው።

እስካሁን ያልኩት ግን ማንም ሻጭ የሚነግራችሁ ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ሌላ ነገር ነው። ዕቃው ላይ ለውጥ ካለ፣ ለውጡን ማን አደረገው? መቼ?

የባሕር ኃይሉን ጩቤ እንመልከት። በካይዘሩ፣ ማለትም በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዘመን የእጀታው አናት ዘውድ ነበር። በ1918 ካይዘሩ ወረደ። ዘውዱም ወረደና በሪፐብሊኩ ዘመን ነበልባል ያለው ኳስ ተተካ። በ1938 ደግሞ ኳሱ በንስርና በስዋስቲካ ተቀየረ። አዲስ ጩቤ ከመግዛት አናቱን ብቻ ያስቀየሩ መኮንኖች ነበሩ። ስለዚህ ስለቱ የካይዘር፣ አናቱ የናዚ የሆነ ጩቤ ይገኛል። አንድ ሰው ሦስት መንግሥት እንዳገለገለ ዕቃው ራሱ ይመሰክራል። ብዙ ሰብሳቢ «ያልተነካካ ነው የምፈልገው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ከንጹሑ አስበልጬ እወደዋለሁ። ለውጡን ያደረገው ባለቤቱ ነው፣ በዘመኑ ነው። ዋናው ነገር አናቱና እጀታው አብረው ማርጀታቸው ነው። በመካከላቸው ያለው እድፍ፣ የመልበሱ ምልክት፣ የብረቱ ቀለም መግጠም አለበት። ትናንት በፒንሳ የተቀየረ ከሆነ አናቱ ከሚጠመዘዝበት የብሎን ጥርስ ጀምሮ ያስታውቃል።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። ኤስ አ የሚባለው የፓርቲው ታጣቂ ክፍል በ1933 ቡናማ እጀታ ያለው ጩቤ ወጣለት። ቅርጹ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የስዊስ ጩቤ የተገለበጠ ነው። በ1934 መጀመሪያ የኤስ አው አዛዥ ኤርንስት ሮም ለነባር አባላት ልዩ ጩቤ ሰጠ። ስለቱ ላይ ከልብ የመነጨ ወዳጅነቱን የሚገልጽ ቃልና ስሙ ተቀርጾበት ነበር። ወራት አልቆየም። ጁን 30 ቀን 1934 ሂትለር በገዛ አጋሮቹ ላይ ዞረ። ሮም ታስሮ በማግሥቱ ተገደለ። አባላቱም ጽሑፉን ከስለታቸው እንዲያስፍቁ ታዘዙ።

ዛሬ ጽሑፉ ሙሉ የሆነ ጩቤ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ጥቂት ሰው ብቻ ስለደበቀው። ስሙ ብቻ የተፋቀበትም አለ። ጨርሶ የተፋቀው ግን ከሁሉ ይረክሳል። እዚህ ላይ ከገበያው ጋር አልስማማም። የተፋቀው ስለት ትእዛዙን፣ ፍርሃቱን፣ መታዘዙን ይዟል። እነዚያ ሻካራ ጭረቶች የዚያ ሳምንት ሰነድ ናቸው። ዋጋው ውድ ስለሆነም ሙሉው ጽሑፍ ፎርጅድ የሚሠራበት ዋነኛ ነገር ሆኗል። ለጀማሪ የተፋቀውን ግዛ እለዋለሁ።

ፎርጅድ ካነሣን አይቀር፣ አደገኛው ሙሉ በሙሉ አዲስ የሆነው አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች ማስታወሻ ይፈልጉ ነበር። ዞሊንገን ውስጥ የተረፉ ክፍሎች ተገጣጥመው ተሸጡላቸው። እያንዳንዱ ክፍል እውነተኛ ነው። ጩቤውን ግን አንድም መኮንን ታጥቆት አያውቅም። እንዲህ ያለውን ስትገዙ በዚያው ልክ ክፈሉ፤ ስትሸጡም ሳትደብቁ ተናገሩ። በተረፈ ብረት አትወልውሉ፤ ስለቱ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ስስ የመሞረጃ መስመር አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

አሁን ወደ ሚዛኑ። የአልኮሶ ፋብሪካ የኮፔል ቤተሰብ ነበር። የዞሊንገን አይሁዳውያን ናቸው፤ ድርጅቱን የመሠረቱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በናዚ ዘመን ተነጠቁ። ሚዛኑ ግን ጩቤ ላይ መታተሙን ቀጠለ። የቤተሰቡ አባል ዶክተር አሌክሳንደር ኮፔል በ1942 ወደ ቴሬዚየንሽታት ማጎሪያ ተወሰደ። እዚያው ሞተ። ዛሬ ዞሊንገን ውስጥ በስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። በዋጋ መዝገብ ላይ አልኮሶ «ጥሩ አምራች» ተብሎ ይታለፋል። ይህ በቂ አይደለም። ሚዛን ያለበት ጩቤ ስታሳዩ የኮፔልን ስም አብራችሁ ጥሩ። እኔ ታሪኩን በወረቀት ጽፌ ከጩቤው ጋር ነው የማስቀምጠው፤ ከእኔ በኋላ የሚይዘው ሰውም እንዲያውቀው።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ዞሊንገን ለኢትዮጵያም ስለት ሸጧል። ከድሮ ጎራዴዎቻችን መካከል ስለታቸው እዚያ የተሠራ አሉ። ቤታችሁ የአያት ጎራዴ ካለ ከሰገባው አውጡና ከእጀታው አጠገብ ያለውን ምልክት እዩ። ካገኛችሁ አትወልውሉት። ፎቶ አንሡትና አሳዩኝ፤ ማን እንደታጠቀው የሚያውቅ ሽማግሌ ካለም ሳይረፍድ ጠይቁልኝ።

አመሰግናለሁ።