መነጽሬን ልጥል ነው ብዬ ነበር

ቢኒ፦ አቦ፣ ዛሬ መነጽርሽ የት ገባ?

ሃናን፦ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከቀፊራ ገበያ በባጃጅ ስመጣ ላብና አቧራ ተባብረው ጨረሱት። በዚህ ሙቀት ከአፍንጫዬ ሲንሸራተት እሱን ስገፋ ነው የምውለው።

ቢኒ፦ ዓይኔን በሌዘር ልሠራ ነው ስትይ አልነበር?

ሃናን፦ ብዬ ነበር። ሌዘሩ የሚሠራው ኮርኒያ ላይ ነው፣ ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን። መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚያች ላይ ነው የሚቀነሰው።

ቢኒ፦ ወላሂ፣ የሳምቡሳ ሊጥ ይበልጣታል!

ሃናን፦ ላሲክ የሚሉት ዓይነት ከሆነ ከላይ ስስ ክዳን ይከፈታል፣ ሌዘሩ ከሥር ያስተካክላል፣ ክዳኑ ይመለሳል። ስፌት የለውም። ብዙ ሰው በማግስቱ ደህና ያያል። ስማይል የሚሉት ደግሞ ክዳን አይከፍትም፤ በጠባብ ቀዳዳ ስስ ቁራጭ ይወጣል።

ቢኒ፦ ፒአርኬ የሚሉትስ?

ሃናን፦ የኮርኒያው የላይኛው ስስ ቆዳ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ራሱ ይተካል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቃጥላል፣ ያስለቅሳል። እይታው እስኪጠራ ሳምንታት ይፈጃል። ግን ኮርኒያው ሳሳ ላለ ወይም ቦክስ ለሚጫወት ሰው ብዙ ጊዜ እሱ ይመረጣል። የሚላቀቅ ክዳን የለማ።

ቢኒ፦ እኔ ደግሞ ዓይኔን ሳላሽ አልውልም። የድሬ አቧራ እኮ...

ሃናን፦ ተው! ማሸት ከኬራቶኮነስ ጋር ይያያዛል። ኮርኒያው ሳስቶ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል። እንደዚያ ያለ ዓይን ላይ ላሲክ ከተሠራ ይብስበታል። ለዚህ ነው አስቀድመው የኮርኒያውን ካርታ የሚያነሱት፣ ቶፖግራፊ ይሉታል። ሰው ሁሉ ዋጋ ነው የሚጠይቀው። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ ቶፖግራፊው ነው የምጠይቀው።

ቢኒ፦ እናቴስ? 50 አልፋለች። ስልክ ስታነብ ክንዷ አልበቃ ብሏታል።

ሃናን፦ የእሷ ሌላ ነው። ከ40 ወዲያ የዓይን ውስጡ ሌንስ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ቅርቡን ማጥራት ያቅተዋል። ለሩቁ ብትሠራም የንባብ መነጽር አይቀርላትም።

ቢኒ፦ የአንቺስ ቁርጡ?

ሃናን፦ የመነጽር ቁጥሬ ዘንድሮ ተቀይሯል። ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይለወጥ መቆየት አለበት፣ ጠብቂ ተባልኩ። እስከዚያው የመነጽር ክር ገዝቻለሁ። አንተ ግን እጅህን ከዓይንህ አውርድ።

ቢኒ፦ ያለ መነጽር ታይኛለሽ እንዴ?

ሃናን፦ እዚህ ድረስማ አያለሁ!