ጄኔራሉ የተሸለሙት ምን ሠርተው ነው?

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ ገብርኤል አደባባይ፣ ረፋድ ላይ። ተራኪው ቆሞ ይናገራል።]

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የጦር አዛዥ ሲሸለም በቴሌቪዥን ስታዩ የሚታያችሁ ሁልጊዜ ያው ነው። ጄኔራሉ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ሜዳዩ ደረታቸው ላይ ይደረጋል፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ይጨበጨባል፣ ማርሽ ይመታል። ከዚያ በፊት ግን አንድ መኮንን ወረቀት ይዞ የሚያነበው ነገር አለ። ዜናው ቆርጦ የሚጥለው እሱን ነው። እኔ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢቆረጥ ግድ የለኝም፣ እሱ ግን አይቆረጥብኝ እላለሁ። ሰውየው ምን ሠርተው እንደተሸለሙ የሚናገረው ያ ወረቀት ብቻ ነዋ።

የግል ጀብዱ ሲሆን ማስረዳቱ ብዙም አያስቸግርም። የኦጋዴኑን ጦርነት አብራሪ ለገሰ ተፈራን አስቡ። በኤፍ 5 አውሮፕላን የሶማሊያን ሚግ ተዋጊ አውሮፕላኖች መትቶ ጣለ፣ በኋላ እሱም ተመትቶ ወደቀ፣ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆየ። ሲመለስ የዘመኑን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ቢሸለም “ለምን?” የሚል ሰው አይገኝም።

አዛዥስ? አዛዥ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥይት እንኳ አልተኮሰም። ካርታ ላይ ሲያፈጥ፣ ሬዲዮ ላይ ሲጮህ ነው የዋለው። ታዲያ የሚሸለመው በምን ሥራው ነው?

[ምስል፦ በአለታ ወንዶ በኩል ወደ ሲዳማ ደጋ የሚወጣ መንገድ፤ እንሰት፣ ጭጋግ።]

ድሮ አዛዥ ሲከበር ከደረቱ ይልቅ ግዛቱ ነበር የሚሰፋው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በመድፍ የተዋጉትን በጅሮንድ ባልቻ ሳፎን ሕዝቡ “መድፍ አገላባጭ ብቻ ለብቻ” ብሎ ገጠመላቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ ደጃዝማች ብለው ሾሟቸው፣ ሲዳሞንም ሰጧቸው። መቀመጫቸው እዚሁ በላያችን ያለችው ሀገረ ሰላም ነበረች። እንግዲህ ለአዛዡ ሽልማት የሆነው መሬት ለአገሬው ገባርነት ሆኖበታል። ይህን ሐዋሳ ላይ ቆሞ ሳይናገሩ ማለፍ ነውር ነው።

ኒሻን የሚባለው ነገር በዐፄ ዮሐንስ ዘመን በሰሎሞን ኒሻን ገባ። በየዘመኑ የኢትዮጵያ ኮከብ፣ የዳግማዊ ምኒልክ፣ የሥላሴ ኒሻን ተጨመሩ። ኒሻን ደረጃ አለው፣ ባለ ኒሻኑ እንደ ማኅበር አባል ይቆጠራል፣ ከሹመት ጋርም ይመጣል። ሜዳይ ግን ለአንድ ሥራ ወይም ለአንድ ዘመን ምስክር ነው።

[ምስል፦ የአርበኞች ቀን ሰልፍ፤ ካኪ ኮት፣ የአንበሳ ጎፈር። ካሜራው ወደ ደረት ይጠጋል።]

ለምሳሌ ይህን ተመልከቱ። የአርበኝነት ሜዳይ ነው። ጥብጣቡ ላይ ትንንሽ ዘንባባዎች አሉ። አምስት ዘንባባ ማለት ከጠላት ወረራ እስከ ድል አምስቱንም ዓመት ዱር ቤቴ ያለ ማለት ነው። ዘንባባ የሚቆጥረው ዓመትን ነው፣ ማዕረግን አይደለም። ከጎኑ የስደተኛ ሜዳይ ነበር፣ ከንጉሡ ጋርም ሆነ በሌላ መንገድ አገር ጥሎ ለተሰደደው የሚሰጥ። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ስደተኛው ሹመት ሲይዝ አርበኛው ተረሳሁ ብሎ ያጉረመርም የነበረው ሁለቱ ጥብጣቦች አንድ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን እየተቀመጡ ነው።

ወደ አዛዡ እንመለስ። አንዳንድ አገሮች ለአዛዥ ሥራ የሚሆን ሽልማት ለይተው አውጥተዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1918 ያወጣችው የላቀ አገልግሎት ሜዳይ ከባድ ኃላፊነት ባለበት ሥራ ለላቀ ውጤት የሚሰጥ ነው። ጀግንነት መመዘኛው ውስጥ የለም፣ ለዚያ ሌላ ሜዳይ አላት። ከሁሉም ጥርት ያለው ግን የሶቪየት ኅብረት የድል ኒሻን ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሲወጣ፣ የአንድ ወይም የበርካታ ግንባሮችን ዘመቻ መርቶ የጦርነቱን ሁኔታ ለቀይ ጦር ለቀየረ ከፍተኛ አዛዥ ብቻ እንዲሰጥ ተደነገገ። የሶቪየቱ ማርሻል ዡኮቭ ሁለቴ ተሸለመ። ከውጭ ሰዎች አሜሪካዊው ጄኔራል አይዘንሃወርና እንግሊዛዊው ሞንትጎመሪም አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ለአገሪቱ መሪ ለብሬዥኔቭ ተሰጠ። ያ ሰው በጦርነቱ ጊዜ የፖለቲካ መኮንን እንጂ ግንባር የመራ አዛዥ አልነበረም። ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ደንቡን አያሟላም ተብሎ ተሰረዘ።

ስለዚህ አዛዥ የሚሸለመው በውሳኔው ነው። የት እንደሚያጠቃ፣ መቼ እንደሚያፈገፍግ፣ ተጠባባቂውን ጦር መቼ እንደሚያስገባ፣ ቁስለኛው በምን እንደሚነሳ። የሽልማቱ ወረቀት እነዚህን ከተናገረ ሜዳዩ ትርጉም አለው። “ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ” ብሎ ብቻ ካለፈ ግን ያ ለጡረታ ሽኝትም ይሆናል። ፌዝ እንዳይመስላችሁ፣ የምሬን ነው።

[ምስል፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 በጽሑፍ ይታያል።]

በእኛ ሕግ ሜዳይ፣ ኒሻንና ሽልማት የሚሰጡት ፕሬዚዳንቱ ናቸው፣ በሕግ በተወሰነው መሠረት። ከፍተኛ የውትድርና ማዕረግም የሚሰጡት እሳቸው ናቸው፣ ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት። ሁለቱን አታምታቱ። በ2014 ዓ.ም. ብርሃኑ ጁላ ያገኙት ፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ ነው። ማዕረግ ከደመወዝና ከሥልጣን ጋር ይያያዛል፣ ሜዳይ ያለፈውን ይመሰክራል እንጂ ማንንም አያሳዝዝም።

አሁን የሚከነክነው ጥያቄ መጣ። ውሳኔው የአዛዡ ነው፣ ደሙስ? ለዚህ የሰው ልጅ ያገኘው የተሻለ መልስ የጦር ክፍሉን በሙሉ መሸለም ይመስለኛል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት የክፍል ሽልማት አግኝቷል። እንዲህ ያለው ሽልማት የሚሰጠው ለክፍሉ ነው፤ ከአዛዡ እስከ ወጥ ሠሪው የዚያ ውጊያ ሰው ሁሉ ድርሻ አለው። ከኢትዮጵያ የዘመቱት በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ነበሩ፣ ከ120 በላይ አልተመለሱም። ጄኔራል ለብቻው ሲሸለም ወረቀቱ ቢያንስ የጦሩን ስም ሳይጠራ እንዳያልፍ የምመኘው ለዚህ ነው።

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የድሮ ፎቶ፤ ሣጥን ሲከፈት።]

ከመሰናበታችን በፊት አንድ ጉዳይ። ሐዋሳ ስትቆረቆር ከመጀመሪያ ሰፋሪዎቿ ውስጥ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩበት። በየቤታችሁ የአያት ሜዳይ ሣጥን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ካለ በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፣ ጽሑፉ ይጠፋል። ጥብጣቡን አትጠቡት። አብሮ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ካለ ከሜዳዩ አትለዩት፣ ሁለቱንም በስልክ ፎቶ አንሱ። ወረቀቱ ከሌለ በሕይወት ያሉትን ጠይቁና የሰውየውን ስም፣ ክፍለ ጦሩን፣ የዘመተበትን ቦታና አዛዡ ማን እንደነበር ጻፉ። ወረቀቱን ያገኛችሁ ደግሞ በድምፅ አንብባችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ክፍል ቃል በቃል፣ ሳንቆርጥ እናሰማዋለን።