ስፒከሬ የጎረቤቴን ሚስጥር ሲያወራ

እንዴት ከረማችሁ፣ ዛሬም ከኮዬ ፈጬ ነኝ፣ መብራት እያለ ልቅዳ ብዬ ነው የተጣደፍኩት፣ ከታች ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ከተሰሟችሁ ቻሉት።

ባለፈው እሁድ ልብስ እያጠብኩ ትንሿን የብሉቱዝ ስፒከሬን ከፈትኳት፣ "ኮኔክትድ" አለች፣ እኔ ግን ስልኬን ገና አልነካሁትም። ወዲያው የሆነች ልጅ ድምፅ መጣ። "እማዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ከሰዎቹ ቤት ወጥቻለሁ…" እጄ በሳሙና እንደተለወሰ ደርቄ ቀረሁ። ከጎኔ ያሉት እማማ ልጃቸው አረብ ሀገር ናት፣ በኢሞ የላከችላቸውን ቮይስ ከፍተው ስልኩ ዝም ሲላቸው ደጋግመው ነኩት መሰለኝ፣ እኔ ጋ ሦስቴ ተሰማ። አጥፊዋ እንጂ ትሉኛላችሁ፣ አጠፋኋት፣ ግን እውነቱን ላውራና ከሦስተኛው በኋላ ነው ያጠፋሁት።

እንዴት ሆነ ብዬ ሳስብ ነገሩ ቀላል ነው። የልጅ ልጃቸው በስልካቸው ጌም ሲጫወት የሆነ ቀን ብሉቱዝ ከፍቶ ያገኘውን ነክቷል፣ የኔ ስፒከር ደግሞ ስልኬን ስታጣ ለመጣው ሁሉ ክፍት ናት። ፔር ማለት እኮ የመጀመሪያ ቀን ትውውቅ ነው፣ ሁለቱ ዕቃዎች የሚስጥር ቁልፍ ይሰራሉ፣ ያስቀምጡታል፣ ከዛ በኋላ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ድሮ 0000 ወይ 1234 እያልን እናስገባ ነበር አይደል፣ በፈረንጆቹ 2007 ብሉቱዝ 2.1 ሲመጣ ይሄ ተቀየረ፣ ሁለቱም ስክሪን ካላቸው ባለ 6 አሀዝ ቁጥር ይወጣና አንድ ነው ወይ ብለህ ታያለህ። በሁለቱ መሀል ገብቶ የሚጠልፍ ሰው ካለ ቁጥሮቹ በአጋጣሚ የሚገጥሙት ከ1,000,000 አንዴ ነው። እኛ ደግሞ ሳናነብ እሺ እንላለን፣ እኔም አነበብኩ የምለው ቀን ትዝ አይለኝም። ስፒከርና ኤርፎን ግን ስክሪን ስለሌላቸው "ጀስት ወርክስ" በሚባለው፣ ማለትም ምንም ቁጥር ሳያሳዩ ነው የሚገናኙት፣ ቁልፉ አለ፣ ግን በሩን ጥሩ አድርጎ ይቆልፍልሀል እንጂ ማንን አስገብቶ እንደቆለፈ አያውቅም።

ብሉቱዝ 10 ሜትር አካባቢ ነው ሲባል ደግሞ ትንሽ ይመስላል። ግቢ ላለው ሰው 10 ሜትር ከሳሎኑ እስከ አጥሩ ነው፣ እዚህ ኮንዶሚኒየም ግን የሦስት ቤተሰብ መኝታ ቤት ነው!

ሜትር ታክሲ ውስጥም ዘፈን ልክፈት ብላችሁ ስልካችሁን ስታገናኙ ኮንታክት ልውሰድ ወይ ይላል፣ እምቢ በሉት፣ አንዴ የመኪናው ስክሪን ላይ ከኔ በፊት የተገናኙ ሰዎች ስልክ ስም ተደርድሮ አይቻለሁ።

የእማማ ስልክ ደግሞ አሮጌ ነው፣ አንድሮይድ 10። በ2023 መጨረሻ የወጣ ጉድ አለ፣ ብሉቱዝ በርቶ ከሆነ አጠገብህ ያለ ሰው ኮምፒውተሩን ኪቦርድ አስመስሎ ባለቤቱ እሺ ሳይል ስልክህ ላይ መጻፍ ይችላል፣ ለ11 እና ከዛ በላይ ላሉት ማስተካከያ ወጣ፣ ለ10 እና ከዛ በታች ላሉት አልወጣም። ስለዚህ የእናታችሁ ስልክ አሮጌ ከሆነ ብሉቱዙን ዝጉላት በቃ።

ሰኞ ቡና ሲያፈሉ ገባሁ። ስልኩን እስቲ ልየው ብዬ ስፒከሬን ከዝርዝሩ አጠፋሁ፣ ብሉቱዙንም ዘጋሁ።

"ዝም የሚለኝ ለዚህ ነው እንዴ?" አሉ።

"አዎ እማማ፣ ድምፁ ሌላ ቦታ እየሄደ ነበር።"

ሲኒውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። "የት?"

"እኔ ጋ።"

ምንም አላሉም። ቆየት ብለው፣ "ስኳር ልጨምርልሽ?" አሉኝ።