«ምክር» ይባል የነበረው፦ የእንግሊዝ ሹማምንትና የባሕሬን ሕዝብ የለውጥ ጥያቄ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ ታዳሚዎች፤

ባሕሬንን አብዛኞቻችን የምናውቃት ለሥራ ከሄዱ እህቶቻችን በምንሰማው ወሬ ነው። ዛሬ የማነሣው ግን የቀድሞዋን ባሕሬን ነው፤ ዕንቁ ጠላቂዎችና የቴምር ገበሬዎች ይኖሩባት የነበረችውን፣ ከዚያም ነዳጅ የወጣባትን፣ ሕዝቧም ሸንጎ ይቋቋምልን ብሎ ደጋግሞ የጠየቀባትን ደሴት። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

አስቀድሜ አንድ ቃል ላስጨብጣችሁ፤ «ምክር» የሚለውን። ባሕሬን በሕግ ቅኝ ግዛት ሆና አታውቅም። ሼኮቿ በ1861፣ በ1880ና በ1892 በፈረሟቸው ውሎች የውጭ ግንኙነታቸውን ለብሪታንያ አሳልፈው ሲሰጡ፣ የውስጥ አስተዳደሩ ግን የራሳቸው ሆኖ ቀርቷል፤ ወረቀቱ የሚለው ይህንን ነው። በዋና ከተማዋ በማናማ የተቀመጠው የብሪታንያ የፖለቲካ ወኪልና ከእርሱ በላይ የነበረው፣ እስከ 1946 ድረስ መቀመጫው በፋርስ ጠረፍ በቡሽህር የነበረ የባሕረ ሰላጤው ሬዚደንት፣ ከሼኩ አንድ ነገር ሲፈልጉ ያዛሉ አይባልም፤ ይመክራሉ ነው የሚባለው። ይህ ምክር እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነበር። ፈላጊዋ ብሪታንያ ስትሆን ዙፋን እስከ መነቅነቅ ይዘረጋል፤ ጠያቂው ሕዝብ ሲሆን ደግሞ ተጨማድዶ «ይህ የሼኩ የውስጥ ጉዳይ ነው» ወደሚል መልስ ይወርዳል። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህ መለጠጥና መጨማደድ በአንድ ደሴት፣ በአንድ ቤተሰብም ላይ እንዴት እንዳለፈ ነው።

መጀመሪያ የተለጠጠው በ1923 ነው። ባሕርና የሚባሉት የሺዓ መንደርተኞች ስለ ግዳጅ ሥራና ስለ ግብር ግፍ ለእንግሊዙ ወኪል ለሜጀር ዴሊ አቤቱታ ያቀርቡ ነበር። በዚያ ዓመት በሜይ ወር፣ ተጠባባቂ ሬዚደንቱ ኮሎኔል ኖክስ ከ1869 ጀምሮ የገዙትን ሼክ ዒሳ ቢን ዓሊን ሥልጣናቸውን ለልጃቸው ለሐመድ እንዲለቁ አደረጋቸው። ሽማግሌው እሺ አላሉም፤ ስለዚህ አባትየው በ1932 እስኪሞቱ ድረስ ልጃቸው በምክትልነት ስም ገዛ። እውነቱን ለመናገር ከዚህ በኋላ የተደረገው ማሻሻያ የውሸት አልነበረም፤ የግዳጅ ሥራው ቀርቷል፣ የጉምሩኩ ሒሳብ ተስተካክሏል፣ ዕንቁ ጠላቂውን ዕድሜ ልኩን ተበዳሪ አድርጎ የሚያስረው ልማድም ሥርዓት ተበጅቶለታል። ይህን አለመመስከር ንፉግነት ይሆናል። ሆኖም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነጋዴዎችና የነገድ አለቆች ተሰብስበው ሼክ ዒሳ እንዲመለሱ፣ የምክር ሸንጎ እንዲቋቋም፣ ወኪሉም በውስጥ ጉዳይ እጁን እንዳያስገባ ሲጠይቁ፣ ሁለቱ መሪዎች፣ አብዱልወሃብ አል ዘያኒና አሕመድ ቢን ላሒጅ፣ በወሩ ወደ ሕንድ ተጋዙ። ለውጥ ከላይ ሲወርድ አስተዳደር ተባለ፤ ከታች ሲጠየቅ ግን ሁከት ሆነ።

በ1926 ቻርልስ ቤልግሬቭ መጣ። ቀደም ሲል በታንጋኒካ በቅኝ አስተዳደር ያገለገለ ወጣት ሲሆን፣ ሥራውን ያገኘው በለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ስሙ ላልተጠቀሰ አንድ የምሥራቅ አገር ሰው ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አይቶ አመልክቶ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው ሼኩ ስለሆነ በወረቀት የእንግሊዝ ሹም አይደለም። ሕዝቡ «አል ሙስተሻር» ይለው ነበር፤ አማካሪው ማለት ነው። ይህ አማካሪ ግን ግምጃ ቤቱን ይይዛል፣ ፖሊሱን ያዛል፣ በዳኝነትም ይቀመጣል። አንድ ሰው ፖሊስ ቢበድለው ወደ ችሎት ሲሄድ የሚያገኘው የፖሊሱን አለቃ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር «ዳኛው ቀማኛ፣ አቤት የት ይባላል» ብለው የሚተርቱ ሰዎች አገር እኛ እናውቃለን፤ ለፍትሐዊነት ስል ግን ቤልግሬቭ ቀማኛ እንዳልነበር፣ በግሉ ታታሪና ሒሳብ አዋቂ እንደነበር ልጨምር። ችግሩ ያለው ወንበሩ ላይ ነበር፤ በዚያ ወንበር ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጧል።

በ1932 ነዳጅ ወጣ። በ1938 ደግሞ በባሕረ ሰላጤው ሁሉ የሸንጎ ጥያቄ ተነሣ። በዱባይ የተቋቋመው ሸንጎ ከኦክቶበር እስከ ማርች ብቻ ቆየ። የኩዌቱ የበለጠ ያስተምራል። አንድ መቶ ሃምሳ ያህል የታላላቅ ቤተሰብ አባላት አሥራ አራት ሰዎች መርጠው በአብዱላህ አል ሳሊም አል ሳባሕ የሚመራ ሕግ አውጪ ሸንጎ አቋቋሙ። እንግሊዞች መጀመሪያ ሼኩ ሰዎቹን እንዲሰማ ገፋፍተው ነበር። ነገር ግን ሸንጎው በውሎችና በነዳጅ ስምምነቶች ላይ የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው ሲል ድጋፋቸው ቀዘቀዘ፤ በዲሴምበር ሼኩ ሲበትነውም አላስጣሉትም። ትምህርት ቤት ይከፈት፣ ጉቦ ይቅር የሚል ሸንጎ ደስ ያሰኛቸዋል፤ የነዳጁን ገንዘብ አሳዩኝ የሚል ሸንጎ ግን ሌላ ነው።

በዚያው ዓመት በባሕሬን ሱኒና ሺዓ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎችና የነዳጅ ሠራተኞች አንድ ላይ ሸንጎ፣ የሠራተኛ ወኪል፣ የፖሊስ ማሻሻያ ጠየቁ። ሰዓድ አል ሸምላንና አሕመድ አል ሺራዊ ተይዘው ወደ ሕንድ ተጋዙ። የሸምላንን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ 1954 ልውሰዳችሁ፤ የምንጀምረውም ከታክሲ ነው። መንግሥት ባለመኪና ሁሉ የመድን ዋስትና እንዲገባ አስገደደ። የባዕድ ኩባንያዎች የሚጠይቁት አረቦን የታክሲ ነጂውን አንገት ያነቀ ነበርና ነጂዎቹ ሥራ አቆሙ። አብዱራሕማን አል ባኪር የተባለ ሰው መጥቶ አንድ ቀላል ነገር አሳያቸው፦ ገንዘባችሁን አዋጡ፣ የጋራ ካሳ ሣጥን አቋቁሙ፣ መድን ሰጪም ተቀባይም እናንተው ሁኑ። እቁብና እድር ላወቀ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም። ለሙስተሻሩ ግን ሳይፈቀድለት የተደራጀ ሕዝብ ነበር። ባንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1953፣ በሺዓዎች የዓሹራ የኀዘን ሰልፍ ላይ ሱኒና ሺዓ ተደባድበው ነበር፤ በኦክቶበር 1954 ግን ከሁለቱም ወገን አራት አራት ሰው የያዘ የስምንት ሰዎች ከፍተኛ ኮሚቴ ቆመ። የጠየቁት አራት ነገር ነው፦ የተመረጠ ሸንጎ፣ የተጻፈ የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ሕግ፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት። ነገሥታቱ ይውረዱ አላሉም። በዲሴምበር ደሴቲቱ አንድ ሳምንት ሥራ አቆመች።

የጊዜው ሬዚደንት በርናርድ በሮውስ ነገሩ የገባው ሰው ነበር። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግሯል፣ በሼኩና በእነርሱ መካከል ተመላልሷል፣ ቤልግሬቭም ጊዜው እንዳለፈበት ተረድቷል። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ግን ግማሹ የሚመረጥ የትምህርትና የጤና ምክር ቤት ሆነ፤ ይህም ስለ ትምህርት ቤት ወንበርና ስለ ሐኪም ቤት አልጋ መመካከሪያ እንጂ ስለ አገር ገቢና ስለ ሕግ መናገሪያ አልነበረም።

ማርች 1 ቀን 1956 የዮርዳኖስ ንጉሥ ሑሴን የጦሩን የእንግሊዝ አዛዥ ግለብን አባረረ። በማግሥቱ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰልዊን ሎይድ ባሕሬን ሲደርስ በሙሐረቅ መንገድ ላይ ሕዝቡ መኪኖቹን በድንጋይ ተቀበላቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በማናማ ገበያ ከአንድ አትክልት ሻጭ ጋር በተነሣ ጠብ ፖሊስ ተኩሶ ሰው ገደለ። ያኔ መንግሥት ኮሚቴውን «የብሔራዊ ኅብረት ኮሚቴ» በሚል ስም አወቀው። ዕውቅናው ለስምንት ወር ብቻ ቆየ። በኖቬምበር ብሪታንያና ፈረንሳይ ግብጽን ሲወጉ በባሕሬን ሰልፍ ወጣ፣ ቤትና ንብረት ተቃጠለ፣ መሪዎቹም ተያዙ።

እዚህ ላይ ቀኖቹን ቀስ ብዬ ልቁጠርላችሁ። እንግሊዝ ከቅኝ ግዛት ወደ ቅኝ ግዛት እስረኛ የሚዘዋወርበት የ1869 ሕግ ነበራት። ባሕሬን ቅኝ ግዛት አይደለችም፤ ግን ሕጉ እርሷንም እንዲያካትት የሚያደርግ የንግሥቲቱ ትእዛዝ በዲሴምበር 19 ወጣ። እስረኞቹን ወደ ቅድስት ሄሌና ደሴት ውሰዱልኝ የሚለው የሼኩ ደብዳቤም ከዚህ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። ችሎቱ በቡደይዕ መንደር የተቀመጠው በዲሴምበር 22ና 23 ነው፤ ዳኞቹ ከገዢው ቤተሰብ ነበሩ። ባኪር፣ አብዱልዐሊ አል ዐለይዋትና አብዱልዐዚዝ አል ሸምላን አሥራ አራት አሥራ አራት ዓመት ተፈረደባቸው። እስር ቤቱ ተመርጦ፣ ጉዞው ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ ነው ጥፋተኛ ናችሁ የተባሉት። ለሠላሳ ዓመት «የሼኩ የውስጥ ጉዳይ» ሲባል የነበረው ነገር በዚያ ሳምንት የንግሥቲቱ ትእዛዝ፣ የንግሥቲቱ የጦር መርከብና የንግሥቲቱ ደሴት ሆነ።

አብዱልዐዚዝ የሰዓድ አል ሸምላን ልጅ ነው። አባት በ1938 ወደ ሕንድ፣ ልጅ በ1956 ናፖሊዮን ወደ ሞተበት ደሴት፤ ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነበር። ቤልግሬቭም በ1957 ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።

ሦስቱ እስረኞች ግን የእንግሊዝን ሕግ በእንግሊዝ ላይ አዞሩት። አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አቀረቡ፤ በለንደን ይግባኝ ሰሚው በ1960 ቢጥለውም እንደገና ሞክረው በ1961 የቅድስት ሄሌና ፍርድ ቤት እስራቸው ሕግን ያልተከተለ ነው ብሎ ለቀቃቸው። ባሕሬን በ1971 ነጻ ከወጣች በኋላ ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ጉባኤ ተመረጠ። በ1972 በዚያ ጉባኤ ውስጥ ከተቀመጡት አንዱ አብዱልዐዚዝ አል ሸምላን ነበር።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።