ጳጉሜን 6 ቀን 2014

እንደምን አመሻችሁ አድማጮቼ። የምቀዳው ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። በዚህ ሙቀት መስኮት መዝጋት አልቻልኩም፤ የባጃጁን ድምፅ ታገሡኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ክላውድ ዳታቤዝ ነው። መዝገባችንን የራሳችን ባልሆነ፣ ሩቅ አገር በተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ ስለ ማኖር ማለቴ ነው። ወድጄ አልገባሁበትም። ከጅቡቲ ዕቃ በሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ የጉዞ መዝገብ እይዛለሁ። የኤክሴል አንድ ገጽ 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ አንድም አይጨምርም። ያለበትን ቦታ በየደቂቃው የሚልክ አንድ መኪና ደግሞ በዓመት 525,600 ረድፍ ያወጣል። ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ገጹን ለመሙላት ሁለት መኪና ይበቃል። እኛ ያለን ከሁለት በላይ ነው።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ስፓርክ ነበር። ስፓርክ እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ የተጀመረ፣ አንድን ሥራ ለብዙ ኮምፒውተሮች የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። ከፊራ ገበያ ያለውን የሽንኩርት ጆንያ ሁሉ ቁጠሩ ተባላችሁ እንበል። በየተራው አንድ ሰው ታቆማላችሁ፤ ሁሉም የራሱን ተራ ቆጥሮ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ይመጣል። ይህ ቀላል ነው። ሽንኩርቱን በመጣበት አገር ለይታችሁ ከምሩ ከተባላችሁ ግን ጆንያው ሁሉ ከተራ ወደ ተራ በሸክም ይጓዛል። ስፓርክንም ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ይኸው ሸክም ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስድስት ኮምፒውተር ተከራየሁ። ላፕቶፔ ብቻውን የሚወጣውን ሥራ ለስድስት አካፍዬ አዘገየሁት። ስፓርክ እኮ በአንድ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል! ይባስ ብሎ ዓርብ ማታ ሳላጠፋቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ስመለስ ለሙከራ የተሰጠኝ ገንዘብ አልቆ ጠበቀኝ። የማንም ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው።

አሁን የምሠራው በቢግኩዌሪ፣ በጎግል የክላውድ ዳታቤዝ ነው። የሙከራ መግቢያው የባንክ ካርድ አይጠይቅም። የዶላር ካርድ ማግኘት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። 10 ጊጋባይት ማስቀመጫና በወር 1 ቴራባይት ንባብ በነጻ ይሰጣል። በሙከራው ውስጥ የተፈጠረ ሰንጠረዥ ግን በ60 ቀን ይጠፋልና ዋናውን ፋይል እንዳትደመስሱ። «ንባብ» የሚለውን አስምሩበት። መዝገቡን አምድ በአምድ ለይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ የጭነት ክብደት ብቻ ከጠየቃችሁት የክብደቱን አምድ ብቻ ያነባል። ሁሉንም አምጣ ካላችሁት ሁሉንም አንብቦ ሁሉንም ይቆጥርባችኋል። አሥር ረድፍ ብቻ አሳየኝ ብላችሁ መገደባችሁ በተራ ሰንጠረዥ ላይ ሒሳቡን አይቀንስም። ደግነቱ፣ ገና ሳታስኬዱት ምን ያህል እንደሚያነብ ጽፎ ያሳያችኋል። ያቺን መስመር ሳላይ ቁልፉን አልነካም።

የኔ ትልቁ ጣጣ ግን ከዚህ ሁሉ አልመጣም። ከቀን መቁጠሪያችን መጣ።

መዝገባችን የተያዘው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ለኮምፒውተሩ የነገርኩት ደግሞ በአሜሪካ ልማድ ወርን አስቀድሞ እንዲያነብ ነበር። ጥቅምት 30ን፣ 30/2/2014 ተብሎ የተጻፈውን ሲያይ፣ ሠላሳኛ ወር የለምና አልቀበልም አለ። እሰይ፣ እንዲህ ያለ ስህተት ወዳጅ ነው። እስከ 12 ያሉትን ቀኖች ግን ወርና ቀናቸውን አገላብጦ ዋጣቸው። ጳጉሜን 5፣ 5/13/2014 የተባለችው፣ ሜይ 13 ቀን 2014 ሆና ቁጭ አለች። በእኛ ግንቦት 5 ቀን 2006 መሆኑ ነው። ድርጅታችን ያን ጊዜ አልተቋቋመም! የሒሳብ ክፍሏ እህታችን ሪፖርቱን አይታ፣ «ሳንወለድ ነው እንዴ ጭነት የጀመርነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ስለዚህ አሁን ቀንን እንደ ቀን አላስገባም። መጀመሪያ እንደ ተራ ጽሑፍ እጭነዋለሁ፤ ከዚያ በራሴ ቀመር ወደ ፈረንጅ ቀን እቀይረዋለሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 2014 ወደ ትክክለኛ ቦታዋ፣ ወደ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2022 ተመለሰች። (መሐመድ የሚባል ደንበኛ በ«ሐ»፣ በ«ሀ» እና በ«ኀ» ተጽፎ ሦስት ሰው ሆኖ ስለ መቆጠሩ ሌላ ቀን አወራችኋለሁ፤ እሱ የራሱ ምሽት ይፈልጋል።)

አንድ ረድፍ ብቻ ቀርቶኛል። 6/13/2014 ይላል። በ2014 ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ነበረች፤ ስድስተኛዋ የመጣችው በ2015 ነው። በአሜሪካው ልማድ ቢነበብ ኖሮ ጁን 13 ተብሎ በሰላም ያልፍ ነበር፤ የእኔ ቀመር ግን መለሰው። ወረቀቱን አወጣሁ፤ በእጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «6» ተብሎ ተጽፏል። ጭነቱ ደርሷል፤ የተረካቢው ፊርማም አለበት። ምናልባት የዘመን መለወጫ ሌሊት የገባ መኪና ይሆናል፤ መዝጋቢውም ዓመቱ መለወጡን ዘንግቶ ይሆናል። መስከረም 1 ብዬ ላስተካክለው እጄን እሰነዝርና እመልሳለሁ። ሾፌሩ ሰኞ ከጅቡቲ ይመለሳል፤ እጠይቀዋለሁ።