አባ «እሺ» ሲሉ

እሺ… እየቀዳ ነው? አያችሁ፣ ገና ሳልጀምር «እሺ» አልኩ። ዛሬ ያስቀመጠኝም ይኸው ቃል ነው።

ትናንት ወንድሜ ቤት ነበርኩ። አዎ፣ ያው እኔን የማያዳምጠው ወንድሜ። ልጁ «አባዬ፣ ከአያቴ ጋር ስታወራ ለምን ቃል ይጠፋሃል?» አለው። «አክስትህን ጠይቃት» አለ እየሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ የለም።

በፈረንጆቹ 1991 ነው፣ እኛን ቤተ እስራኤሎችን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባመጣው በዘመቻ ሰለሞን ገብተን ብዙም አልቆየንም። እኔ 11 ዓመቴ። ዕብራይስጡን ቀድሜ ስለለቀምኩ ክሊኒክ እኔ፣ ባንክ እኔ። ትምህርት ቤት ጠሩን። ወንድሜ ውጭ ኳስ ይጫወታል። ሴትዮዋ ወረቀት ዘርግታ፣ ልጁ ፕኒሚያ ቢገባ ይሻለዋል አለች። አዳሪ ትምህርት ቤት። ያኔ የኛ ልጆች በብዛት ወደዚያው ነበር የሚላኩት። አባ አቀርቅረው ሰሙ። «እሺ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «እሺ»።

እኔ «ማስኪም» አልኩ። ይስማማሉ።

«ሰምተዋል» ማለት እችል ነበር እኮ! ጎንደር ሹም ፊት «እሺ» ማለት ነገርህን በአክብሮት ሰማሁ ነው። ከዚያ ቤት ተገብቶ፣ ሽማግሌ ተማክሮ፣ መልስ ይላካል። መንገድ ላይ አባ «ቄሱን አማክረን እንመልስላታለን» አሉኝ። የፈረሙበት ቀለም ገና ጣታቸው ላይ ነበር።

ዝም አልኩ።

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ከረሜላ ሰጥታኛለች። «አባትሽ ዓይን አፋር ናቸው?» ብላኛለች። ዓይን ዓይኗን ማየት ለእሳቸው ድፍረት ነው፤ ማን ይንገራት? እኔ? ከረሜላ እየበላሁ?

ስግድ ላይ ደግሞ፣ የኛ የቤተ እስራኤሎች በዓል ላይ… ይኼ ሌላ ነው፣ ግን ልንገራችሁ። ክኔሴት፣ የእስራኤል ፓርላማ፣ በፈረንጆቹ 2008 ብሔራዊ በዓል ካደረገው ወዲህ የማይመጣ የለም። ኢየሩሳሌም ላይ ቄሶቹ በግዕዝ ሲያነቡ ወንድሜ ጠጋ አለና «ምን እያሉ ነው?» አለኝ፣ በዕብራይስጥ። ተረጎምኩለት። ግዕዝ አልችልም። ግማሹን ፈጠርኩት። አመነኝ!

አሁንም ያው ነኝ ማለት ነው።

እሱ ግን ፕኒሚያውን ይወደዋል። ሚስቱንም፣ ጓደኞቹንም ያገኘው እዚያ ነው። እና ምናልባት ደግ ነው የሠራሁት… አይ፣ እንደሱም አይባልም። አባ ከዚያ በኋላ ስንት ዓርብ ማታ በር በሩን ሲያዩ…

ተውት።

ትናንት ልነግረው ነበር። በሩ ላይ፣ ጫማዬን እያሰርኩ። «ምነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩ።

«ቤሴዴር» አለ።

ቤሴዴር እንግዲህ እሺ ነው። ወይም…